የሚቀሰቅሰው ጠፋ

እሁድ ጠዋት ነው። ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። ጋሼ በእሁድ ጠዋት ከደወሉ ሰው ሞቷል ማለት ነው። እናቴም ይህን ስለምታውቅ ከእጄ ላይ የስማቸውን ጽሑፍ ስታይ ነጠላዋን ፍለጋ ተነሳች።

«ማን ነው ጋሼ?» አልኳቸው፣ ሰላምታውን ዘልዬ።

«ሰውስ ደኅና ነው። ኮምፒውተሩ ነው አልነሳ ያለው» አሉ። ድምፃቸው ግን የመርዶ ነጋሪ ድምፅ ነበር።

እናቴ «እሰይ፣ እኔስ ሰው መስሎኝ» ብላ ቁጭ አለች። እኔም ነገሩን ቀለል አድርጌ ያየሁት ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ምን እንዳለ ትዝ አለኝ። 180 አባወራ ከነልጆቹ፣ ከነወላጆቹ፣ ከነአማቶቹ። ማን ሲሞት ስንት እንደሚከፈል። የወሩን መዋጮ ማን ከፈለ፣ ማን አሳደረ። ድንኳኑ የት እንዳለ፣ ከወንበሮቹ ስንቱ እግሩን እንደሰበረ፣ ትልቁን ብረት ድስት ለልጁ ሠርግ ወስዶ እስካሁን ያልመለሰው ማን እንደሆነ። ቀድሞ ይህ ሁሉ በወፍራም መዝገብ ላይ ነበር የሚጻፈው። መዝገቡን ያስተውኳቸው እኔ ራሴ ነኝ፤ «ጋሼ፣ በዚህ ዘመን?» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ቡናዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ላፕቶፑን የላከችላቸው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ልጃቸው ናት፤ በሰው እጅ፣ በሻንጣ፣ በሁለት ፎጣ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ከሥራ ውጭ ሲሆን የባለቤታቸው ዳንቴል ይለብሳል። ባትሪው ከሞተ ዓመታት ስላለፉት መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ መብራት ሲመጣ አብሮ ይመጣል። ያን ቀን ግን መብራት መጥቶ እሱ አልመጣም። ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ፊደል አንድ መስመር ብቻ፦ «ኖ ቡታብል ዲቫይስ»።

«ምን ማለቱ ነው?» አሉ ጋሼ።

«የሚያስነሳኝ አጣሁ ነው የሚለው።»

እትዬ ከጓዳ ሆነው «እኔም እንደሱ ነኝ፣ ጠዋት ጠዋት» አሉ።

ጋሼ ግን አልሳቁም። ለካ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጥገና ቤት ወስደውት ኖሯል። ወጣቱ ከፍቶ አየና፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ «ፎርማት ይፈልጋል» አላቸው። «ፎርማት ስታደርገው መዝገቡ ምን ይሆናል?» ሲሉት «አያስቡ፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለውንና ዶክመንትስ ውስጥ ያለውን አውጥቼ ነው» ብሎ መለሰላቸው። ጋሼ ላፕቶፑን በብብታቸው ይዘው ወጡ። ለምን እንደወጡ ሲያስረዱኝ «ልጁ አልተጠራጠረም። ያልተጠራጠረ ሐኪም ያስፈራኛል» አሉኝ።

በልጁ አልፈርድም። በቀን ስንት ላፕቶፕ ይመጣለታል፤ እያንዳንዱን ቁጭ ብሎ ቢመረምር የቤት ኪራዩን አይከፍልም። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ሲጫንበት ማሽኑ ይነሳል፣ ደንበኛው ይስቃል። ያ ቃል ግን በከተማችን የያዘው ትርጉም ይገርመኛል። ፎርማት ማድረግ ማለት ዲስኩን እንደ አዲስ ማሰናዳት ነው፤ ያለውን መዝገብ ሰርዞ ባዶ መዝገብ መክፈት። እኛ ጋ መድኃኒት ሆኗል። ላፕቶፑ ቀርፋፋ ነው? ፎርማት። ቫይረስ ገባ? ፎርማት። ቻርጅ አልይዝ አለ? አንድ ጊዜ እሱንም ፎርማት ይፈልጋል ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጋሼ «እሺ፣ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ለሳቸው ያስረዳሁበት መንገድ ከሁሉም የተሻለ ስለመሰለኝ እዚህም እደግመዋለሁ።

የእድራችንን ጡሩምባ ነፊ አስቡት። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይነሳና ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ድንኳን አይተክልም፣ መቃብር አያስቆፍርም፣ ንፍሮ አይቀቅልም። የሱ ሥራ የሚሠሩትን ሰዎች ማስነሳት ነው፤ እነሱ ከተነሱ በኋላ ሌላው በራሱ ይቀጥላል። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ማብሪያውን ስትጫኑት መጀመሪያ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ድሮ ባዮስ ይባል ነበር፣ የአሁኖቹ ማሽኖች ላይ ዩኢኤፍአይ ይባላል፣ ሰው ግን አሁንም ባዮስ ነው የሚለው። እሱ ሚሞሪውን ያያል፣ ኪቦርዱን ያያል፣ ከዚያ በእጁ ባለው ዝርዝር መሠረት በር ያንኳኳል። ፍላሽ አለ? ሀርድ ዲስክ አለ? ከከፈቱለት ሥራውን አስረክቦ ይተኛል። ማንም ካልከፈተለት «የሚያስነሳኝ አጣሁ» ብሎ ጽፎ እዚያው ቆሞ ይቀራል።

በድሮው አሠራር ይህ ርክክብ የሚያልፈው በጠባብ በር ነበር። የዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል 512 ባይት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ለማስነሻው ፕሮግራም የሚተርፈው 446 ባይት ብቻ፣ 64ቱ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚመዘገብበት፣ የቀረው 2 ደግሞ ፊርማ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በዛሬው የተለመደ የዩኒኮድ አጻጻፍ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) 3 ባይት ይይዛል። እንግዲህ 446 ባይት ማለት 150 ፊደል እንኳ አይሞላም፤ ከአንድ የለቅሶ ማስታወቂያ ያነሰ። ዩኢኤፍአይ ሲመጣ በሩን ሰፋ አደረገው፤ ለማስነሻ ፋይሎች ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ክፍል በዲስኩ ላይ ይለያል። ዊንዶውስ 10 ሲጫን ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋባይት ይመድብለታል። ከ500 ጊጋባይት 100 ሜጋባይት፣ ከአንድ ኩንታል ጤፍ አንድ ጭብጥ እንደማለት ነው። ያቺ ጭብጥ ከተበላሸች ግን ቀሪው ኩንታል ጎተራ ውስጥ እንዳለ ተቀምጦ ቤቱ ይራባል።

«ስለዚህ መዝገቡ አለ?» አሉ ጋሼ።

«ሊኖር ይችላል።»

«ሊኖር ይችላል የሚል መልስ ለእድር አይሆንም፣ ልጄ።»

ቦርሳዬ ውስጥ ሁሌም የምትዞር አንድ 8 ጊጋባይት ፍላሽ አለች፤ ሊኑክስ ሚንት የሚባል፣ እንደ ዊንዶውስ ማሽኑን የሚያሠራ ነፃ ሥርዓት ተጭኖባታል። የፍላሿ ጥቅም ምንም ነገር ላፕቶፑ ላይ ሳትጭን፣ ከራሷ ላይ ተነስታ ማሽኑን ማሠራቷ ነው፤ ሲጠፋ ሁሉንም ትረሳለች። አንድ ፋይል ሳይነካ የታመመ ዲስክ ለማየት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ኤፍ12ን እየደበደብኩ መጀመሪያ የሚንኳኳውን በር የፍላሿ አደረግኩትና ተነሳች። ዲስኩ ይታያል። እፎይ አልኩ። ከዚያ ዲስኩ ስለራሱ የሚይዘውን የጤና መዝገብ ከፈትኩ፤ ሀርድ ዲስኮች ስንት ሰዓት እንደሠሩ፣ ስንት ቦታ ተበላሽቶባቸው በመጠባበቂያ እንደተኩ፣ ስንቱን ማንበብ አቅቷቸው እንደሚጠብቁ ራሳቸው ይመዘግባሉ። በጋሼ ዲስክ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ከዜሮ ብዙ ርቀዋል። ጆሮዬን አስጠጋሁት። ቀጭ። ዝም። ቀጭ ቀጭ።

ይህ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ በሰከንድ 90 ጊዜ። አንባቢው ጣት ሳህኑን ሳይነካ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ክፍተት በላዩ ይንሳፈፋል። ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር ይህ ሁሉ በድንገት ይቆማል። በዚያ ላይ ጋሼ ስብሰባ ሲኖር እንደበራ ተሸክመው ከሳሎን ወደ በረንዳ ይወስዱታል፣ ገመዱን እያስረዘሙ። ለምን እንደታመመ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ይልቅ እስከዛሬ እንዴት ቆየ?

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የተቀየረው። ጥፋቱ የዊንዶውስ አይደለም፤ ዊንዶውስ የተቀመጠበት መሬት እየተናደ ነው። ቅዳሜ ልጁ ፎርማት አድርጎት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይነሳ ነበር። ለአንድ ወር፣ ለሁለት ወር። ከዚያ በሚቀጥለው ጊዜ የሚወጣ ነገር አይኖርም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማውጣት፣ መጫን በኋላ። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ልሠራ ነበር። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው «እሱን፣ እሱን ፎልደር» እያሉ በጣታቸው ሲያሳዩኝ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ጎትቼ ላወጣ ነበር። ታማሚ ዲስክ ግን እንደ ታማሚ ሰው ነው፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ ይደክማል። አንድ የተበላሸ ቦታ ላይ ሲደርስ እየመላለሰ ይሞክራል፣ በዚያው ይሞታል። ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ጥበቡ ቀላል ነው። መጀመሪያ ያለ ችግር የሚነበበውን ሁሉ ጠርጎ ይወስዳል፤ አስቸጋሪ ቦታ ላይ አይከራከርም፣ ምልክት አድርጎ ይዘላል። ደህናው ሁሉ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ወደ ቁስሎቹ ይሄዳል። የሚያወጣው ደግሞ ፋይል መርጦ አይደለም፤ ዲስኩን ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው፣ ባዶውንም ሙሉውንም፣ እንዳለ ይገለብጣል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ቆሻሻውንም?» አሉኝ። «ቆሻሻውንም» አልኳቸው። በኋላ ያዳነን ያ ቆሻሻ ነው።

ፕሮግራሙ ፍላሿ ላይ ስላልነበረ ከስልኬ ኢንተርኔት አጋርቼ አወረድኩት፣ ቅጂው የሚያርፍበትን የራሴን 1 ቴራባይት ዲስክ ሰካሁ፣ አስጀመርኩት። ጤነኛ ዲስክ ቢሆን በሁለት ሰዓት ገደማ ያልቅ ነበር። ይህኛው ሁለት ሌሊት ፈጀ።

በመጀመሪያው ሌሊት፣ 5 ሰዓት አካባቢ፣ መብራት ሄደ።

ሁላችሁም የምታውቁት ጸጥታ ነው፤ ፍሪጁ ዝም ሲል፣ ጎረቤት ቴሌቪዥን ዝም ሲል፣ ከዚያ ከአንዱ ግቢ «ውይ!» የሚል ድምፅ። ጋሼ በጨለማው ውስጥ «አለቀልን?» አሉ። አላለቀልንም፤ ግን ሊያልቅልን ይችል ነበር። ዲዲሬስኪው ምኑን እንዳነበበ፣ ምኑን እንደዘለለ በአንድ ትንሽ ፋይል ላይ ይመዘግባል፤ መዝገቡ ካለ ካቆመበት ይቀጥላል። ፍላሿ ላይ የሚሠራ ሥርዓት ሲጠፋ ሁሉን ስለሚረሳ ያ ፋይል ላፕቶፑ ሚሞሪ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ አብሮ ይጠፋ ነበር። እኔ ከዚህ በፊት በራሴ ዲስክ ላይ ይህን ስህተት ሠርቼ አልቅሻለሁና ውጫዊው ዲስክ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። መብራት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲመጣ ጋሼ ራሳቸው ደውለው ቀሰቀሱኝ፤ በዚያች ሌሊት ጡሩምባ ነፊዬ እሳቸው ነበሩ። ፕሮግራሙን እንደገና አወረድኩ፣ መዝገቡን አሳየሁት፣ ካቆመበት ቀጠለ።

ማክሰኞ ጠዋት ሲጨርስ፣ ከ500 ጊጋባይት ውስጥ ፈጽሞ አልነበብ ያለው 300 ኪሎባይት አይሞላም ነበር። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ያረፈው በዚያች በማስነሻዋ ጭብጥ ላይ ነው። የተቀረው የት እንዳረፈ በኋላ ደረስንበት።

አዲስ ዲስክ መግዛት ነበረብን፤ የሚሽከረከር ሳይሆን ኤስኤስዲ። ዋጋውን አልጽፍም፣ ይህን እስክታነቡ ይቀየራል። ዋናው ጉዳይ ከየትኛው ገንዘብ ይገዛ የሚለው ነበር። ኮሚቴው ተጠራ። አንዱ አባል ደንቡን ጠቅሰው «የእድሩ ገንዘብ ለሐዘን ነው፤ ለዕቃ ከሆነ ጠቅላላ ጉባኤ ይወስን» አሉ። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ገንዘብ ያዟ «ደንቡን አምጡትና እንየው» ሲሉ ሁላችንም ዝም አልን፤ ደንቡ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነዋ። በመጨረሻ ነገሩን የቋጨው ጡሩምባ ነፊያችን ነው፤ ከበሩ አጠገብ ቆሞ «ታዲያ እሱስ ሞቷል አይደል?» አለ። በሳቅ ጸደቀ።

ቀጥሎ የመጣው ምን ይጫን የሚለው ነው። እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚ የሚራዘም የደኅንነት ማሻሻያ ቢኖርም ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የጋሼን ላፕቶፕ አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድ ይፈልጋል፤ የጋሼው ሰባተኛ ነው። በአዲስ አበባ ስንት ሚሊዮን ብር ወጥቶባቸው ከውጭ የገቡ፣ ምንም ያልጎደላቸው ላፕቶፖች በዚህ አንድ መስመር ምክንያት «ያረጁ» እንደተባሉ ሳስብ ያናድደኛል። ስለዚህ ሊኑክስ ሚንት ይሁን አልኩ። ፈጣን ነው፣ ነፃ ነው፣ የአንዱ እትም ድጋፍ ሲያበቃ ወደ አዲሱ በነፃ መሻገር ይቻላል፣ አማርኛም ይጻፍበታል።

ጋሼ አዳመጡኝ። ከዚያ «እኔ 71 ዓመቴ ነው። ጣቶቼ የለመዱትን ቦታ አትቀይርብኝ» አሉ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ለራሴ ማሽን ቢሆን እከራከር ነበር። ዊንዶውስ 10 ይሁን፤ ላፕቶፑ ከኢንተርኔት የሚገናኘው ልጃቸው በቪዲዮ ስትደውል ነው፤ እሱንም በስልክ ያድርጉት ብዬ ተስማማን። የአንድ ዓመቱን ማራዘሚያም አስገባሁላቸው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እግዜር ያውቃል፣ ወይም ልጃቸው።

ስለ መጫኑ ብዙ የምለው የለም። ለሁለት ሳምንት የፈራሁት ሥራ 40 ደቂቃ አልሞላም። አንድ ነገር ብቻ ግማሽ ቀን በላብኝ፦ የዊንዶውሱን ፋይል ከሊኑክስ ላይ ሆኜ ወደ ፍላሽ ስገለብጥ አንዱ ፋይል አልገባ አለ፤ ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ «ፋይሉ ከልክ በላይ ትልቅ ነው» ይላል። ፍላሹ የተሰናዳበት ፋት 32 የሚባለው አሠራር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ነጠላ ፋይል እንደማይቀበል አውቅ ነበር። አውቅ ነበር፤ ግን ትዝ ያለኝ ሦስት ጊዜ ከሞከርኩ በኋላ ነው። ሌላው የገረመኝ የፈቃድ ቁልፉ ነው። ዊንዶውሱ ቁልፍ ሳይጠይቀኝ ራሱ ተቀበለ። ከዊንዶውስ 8 ዘመን ወዲህ ፋብሪካዎች ለሸጡት ላፕቶፕ የሚሆነውን ቁልፍ ማዘርቦርዱ ውስጥ ይጽፉታል፤ ያንኑ ዓይነት መልሰህ ከጫንክ ከዚያው ያነበዋል። ይኸው ስንት ሰው ሕጋዊ ቁልፉን ደረቱ ውስጥ ይዞ የመጣን ላፕቶፕ፣ ቁልፉ በተሰበረ (ክራክ በተደረገ) ዊንዶውስ ያስጭናል፤ ከነቫይረሱ፣ ገንዘብ ከፍሎ።

ዳንቴሉ ተነሳ፣ ላፕቶፑ ተከፈተ፣ በ12 ሰከንድ ተነሳ። እትዬ እልል አሉ። ከቅጂው ላይ የጋሼን ፋይሎች በሙሉ መልሼ ኦፊሱን ጫንኩ። ጋሼ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ወንበራቸውን አስተካክለው፣ «የአባላት ዝርዝር 1998» የሚለውን ከፈቱ።

ፈረንጅኛ ነው። ያውም ቃል አይደለም፤ የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ጭረት፣ ኮፍያ ያደረገ ፊደል፣ የተገለበጠ ጥያቄ ምልክት፣ ከላይ እስከ ታች።

«ይሄ መዝገብ አይደለም» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «ይሄ ፈረንጅ ሲሳደብ ነው።»

ደንቡን ከፈትን፤ ያው ነው። ቅርብ ጊዜ የተጻፉት ደህና ናቸው፤ የድሮዎቹ፣ እድሩ ገና ኮምፒውተር ሳይኖረው አራት ኪሎ በሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት በክፍያ ያስተየብናቸው በሙሉ ስድብ ሆነዋል።

ዕድሜው ከ30 በላይ የሆነ አንባቢ ገብቶታል። ለሌሎቻችሁ፦ በዩኒኮድ ውስጥ ለፊደላችን 384 ቦታ ተከልሎ የተሰጠው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው በብድር ቦታ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ የአማርኛ ፎንት የሠሩት ሰዎች «ይህን የላቲን ፊደል ሳስቀምጥ አንተ በሥዕሉ ሀን አሳይ» ብለው አታለሉት። ቦታውም አይበቃም። የፎንቱ ቦታ ቢበዛ 256 ነው፣ ከዚያም ብዙው የተያዘ። የኛ ፊደል ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹ፣ አራት ነጥቡ ሳይጨመሩ። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፣ አንዳንዶቹ ቅጥያውን ለብቻ ሠርተው በጎን ለጠፉት። ድንቅ ብልኃት ነበር፤ በዚያ ብልኃት ጋዜጣ ታትሟል፣ መጽሐፍ ታትሟል። ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን እስከዛሬም የላቲን ፊደል ነው። አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ የአባላቱ ስም በሙሉ እዚያው ፊታችን ላይ ተቀምጦ አይነበብም።

ፎንቱስ የት ነው? ዶክመንትስ ውስጥ አይደለም። ዴስክቶፕ ላይም አይደለም። ማንም ሰው «ይሄ የሲስተሙ ነው፣ አያስፈልግም» ብሎ የሚያልፈው ቦታ ነው ያለው፤ ዊንዶውስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ፎንትስ በሚለው ሥር። በሰፈራችን የፎርማት ልማድ መጀመሪያ የሚጠፋው ፎልደር እሱ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቷል፣ ቦታው ላይ ፎቅ ተሠርቷል። ፎንቱን የጫነላቸው ልጅ ማን እንደነበር ጋሼም አያስታውሱም፤ ያኔ በፍላሽ መጥቶ፣ በፍላሽ ሄደ።

እኔ ግን ቆሻሻውንም ገልብጬ ነበር። ቅጂውን ከፈትኩ፣ ወደ ፎንቶቹ ወረድኩ፣ በስም የሚመስሉትን አምስት ስድስት ፋይል አንስቼ አዲሱ ላይ ጫንኩ። ጋሼ ፋይሉን ዘግተው ከፈቱ።

የመጀመሪያው ስም የአባቴ ነበር፤ ተራ ቁጥር 1 ሆኖ ሳይሆን በፊደል ቅደም ተከተል። ከጎኑ በጋሼ አጻጻፍ «ዐረፉ» የሚል ቃልና ቀን አለ። ጋሼ ቶሎ ብለው ወደ ታች አወረዱት። አመሰገንኳቸው፤ በልቤ።

የቀረውን ሥራ አሁንም እየሠራሁ ነው። የድሮዎቹን ፋይሎች ወደ ዩኒኮድ እያዞርኩ፣ ማሽኑ ያሳሳተውን ስም ከጋሼ ጋር እያረምን። ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ገንዘብ ያዟ ቤት። ጋሼ ደግሞ ሁሉንም አሳትመው በወፍራም መዝገብ አስጠርዘውታል። «በዚህ ዘመን?» አላልኳቸውም። አሮጌውን ዲስክ ልጥለው ስል ከእጄ ነጥቀው በፌስታል ጠቅልለው ከእድሩ ማኅተም ጋር ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

አንድ ነገር ቀርቷል። ያ ያልተነበበው 300 ኪሎባይት። አብዛኛው ማንም የማይፈልገው የሲስተም ፋይል ላይ ነው ያረፈው። አንዱ ግን በኤክሴል የተሠራ ሰንጠረዥ ላይ አረፈ፤ የ2011 ዓ.ም. የቅጣት መዝገብ። ቀብር የቀረ፣ ስብሰባ የቀረ፣ ወንበር ያልመለሰ፤ ያልተከፈለው ዕዳ ሁሉ እዚያ ነበር። የማውቀውን መላ ሁሉ ሞከርኩ፤ አልከፈት አለ።

ጋሼ ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ። «ከኔና ካንተ በቀር ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«በል ማንም አይወቅ።»

(ይህን የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ ገንዘቡ ከገባ በኋላ።)

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ዳንቴሉን አጥፈው ወደ ጎን አደረጉ፣ ክዳኑን ግን አልከፈቱም። «ኮምፒውተራችን ድኗል» አሉ። «የ2011 ቅጣት ያለባችሁ እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትከፍሉ። ስም መጥራት አልፈልግም» ብለው ክዳኑን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት።

ሰባት ሰዎች ከፈሉ። አንዷ እናቴ ናት።